ለደምሴ የጻፍኩለት ዕድሜ

ባለፈው ጥቅምት የዓይን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወደ መሐል ሜዳ መጥተው ነበር። ልጄ ሳትነግረኝ አስመዝግባኝ ኖሮ ሄጄ ቀኝ ዓይኔን ተሠራሁ። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲያወጡን አንድ አንድ ዓይናችን በፋሻ ተሸፍኖ፣ እጃችንን ተይዘን፣ ኮሪደሩ ላይ ባለ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። ያልተሠራው ዓይኔም ከጭጋግ በስተቀር ብዙ አያሳየኝም። በግራዬ ሰው መኖሩን ያወቅኩት በበርኖሱ ሽታ ነው። ዝናብ የነካው የበግ ጠጉር ሽታ ለመንዝ ሰው አዲስ አይደለም። እኔን ግን ከበጉ ይልቅ መድረክ ነው የሚያስታውሰኝ፤ በልጅነታችን ጥቁር በርኖስ ለብሰን ነበርና የምንዘፍነው።

ነርሷ ከዳር ጀምራ ካርድ እየሞላች መጣች። ድምፅዋ የሕፃን ነው፤ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጎረቤቴ ዘንድ ስትደርስ፣

«አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለች።

«በመንግሥት ልንገርሽ ወይስ በእናቴ?»

ወንበሩ ሙሉ ሳቀ። «በሁለቱም ይንገሩኝና እኔ እመርጣለሁ» አለች እሷም እየሳቀች።

«በመንግሥት ስልሳ አንድ፣ በእናቴ ሃምሳ ዘጠኝ። ደስ ያለሽን ጻፊ፤ እኔ እንደሆነ ዛሬ አላነበውም።»

«ሁለት ዓመት የት ገባ ታዲያ?»

«እሱ ረጅም ነገር ነው የኔ ልጅ። ስሜን ጻፊና እለፊ፤ ደምሴ ነው።»

ሌሎቹ ሲስቁ እኔ አልሳቅኩም። እነዚያ ሁለት ዓመታት የት እንደገቡ ከዚያ ወንበር ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በገዛ እጄ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ደግሞም ደምሴ ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል ብዬ ነበር የምኖረው።

ወዲያው አላናገርኩትም። ነርሷ የእኔንም ዕድሜ ጠይቃኝ ስልሳ አምስት ብዬ ከመለስኩላት በኋላ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ መሐል ሜዳ ብዙም አልነበረችም። ከአውቶብስ ማቆሚያው እስከ ገበያው የሚደርሰው መንገድ፣ ግራና ቀኙ የሣርና የቆርቆሮ ቤት የተቀላቀለበት፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍና ጭጋግ ነበር። ዛሬ ሞባይል የሚጠገንበት ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም፤ አሥር ሳንቲም የያዘ ሰው ሬድዮ እየሰማ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ውጣ የሚለው የለም። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች እንደ ደወል ይሰፋ ነበር። በዚያ ጭቃ ጫፉን የሚጠብቁት እንዴት እንደነበር ዛሬም ይገርመኛል። እኛ ሴቶች ጠጉራችንን አበጥረን እንደ አጎበር እናቆመዋለን። ሸራ ጫማ የነበራት ደልቷታል ይባላል፤ ብዙዎቻችን በክረምት እግር የሚያቀዘቅዝ፣ በበጋ የሚያቃጥል የፕላስቲክ ጫማ፣ ኮንጎ ነበር የምናደርገው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃኝ ብሎ፣ ቀን መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የከተማው ኪነት ቡድን ውስጥ እዘፍናለሁ። እዘፍናለሁ ስል ተቀባይ ነበርኩ፤ ድምፄ ከሌሎች ጋር ሲሆን ነው የሚያምረው። ጽሑፌ ግን ብቻውንም ያምር ስለነበር የቡድኑ ጸሐፊ አደረጉኝ። መዝገቡን በቀይና በሰማያዊ ቀለም አሰምሬ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የሙያ ዓይነት ብዬ ሞላሁት። ኩራቴ ያ መዝገብ ነበር።

ደምሴ ከጓሳ ሥር ካለ መንደር ለትምህርት የመጣ ልጅ ነው። በሶውን በስልቻ ይዞ፣ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ማሲንቆ ማን እንዳስተማረው አይታወቅም። ዘሩ አዝማሪ አይደለም፤ ገበሬዎች ናቸው። እናቱ እማማ ውድነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የተፈተለ የበግ ጠጉር ይዘው ገበያ ይወጡና፣ ሲመለሱ በመለማመጃ አዳራሹ በር ብቅ ብለው፣ «ልጄን አዝማሪ አደረጋችሁት አይደል! በሉ እንግዲህ ሚስትም እናንተው ፈልጉለት፤ ማንም አይድርለትም» ይሉ ነበር። ይህን ብለውም ወዲያው አይሄዱም። በሩን ተደግፈው እስኪጨርስ ያዳምጡታል። እሱም እናቱ እንዳሉ ሲያውቅ አንድ የራሱን ግጥም ይጨምራል።

ጓሳ ተከፈተ ተነገረ አዋጅ፣
መቼ ይከፈታል የእናትሽ ቤት ደጅ?

ይቺን ሲል ሴቶቹ ሁሉ እልል እንላለን፤ እማማ ውድነሽ፣ «አፉን ያዙልኝ!» እያሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። መሳቃቸው ከዓይናቸው ይታወቃል።

ጓሳ እንዴት እንደሚከፈት ለማያውቅ ሰው ልናገር። ጓሳ የሁላችን ነው። ሣሩ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ነውና እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሽማግሌዎች ደርሷል ሲሉ ቀን ቆርጠው ያስነግራሉ፣ አገሩ ማጭዱን ስሎ በአንድ ቀን ይወጣል። በእኔ ልጅነት ከአንዱ መከፈት እስከ ሌላው አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አራትና አምስት ዓመት ይሆን ነበር። የገጠሩ ሰው ልደቱን፣ ሠርጉን፣ የአባቱን ሞት የሚቆጥረው በዚያ ነው።

የአውራጃዎች የኪነት ውድድር በደብረ ብርሃን ሊደረግ ሆነ። የመጣልን ወረቀት፣ ተወዳዳሪ ሁሉ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት ያላነሰ ይሁን ይላል። የቡድኑ መሪ ጋሼ መኮንን መምህር ነው፤ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ሰው መቆጣት አይሆንለትም። «የደምሴን ዕድሜ ጠይቂና ጻፊው» አለኝ። ልጁን ብጠይቀው፣ «እናቴን ጠይቂ፣ እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አለኝና አሳቀኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ እማማ ውድነሽን አገኘኋቸው።

«ደምሴ መቼ ነው የተወለደው?»

ጠጉሩን ማገላበጣቸውን ተዉና አዩኝ። «ለምን ፈለግሽው?»

«ለመዝገብ ነው።»

«ለመዝገብ?» ጠጉሩን መልሰው ያዙ። «ጓሳ በተከፈተ ዓመት ነው የወለድኩት።»

«የትኛው መከፈት?»

«ከአንበጣው ዓመት ቀጥለው ካሉት ከሁለቱ የኋለኛው ነዋ! የፊተኛውማ ገና ሳላገባ ነው።»

ቤት ሄጄ አባቴን አስቆጠርኩ። አባቴ በጣታቸው ቆጥረው፣ በኋለኛው ከሆነ ልጁ አሥራ ስድስት ነው አሉ። ለጋሼ መኮንን ነገርኩት። «አሥራ ስድስት?» አለ። «እሱ ካልሄደ እኛ ለምን እንሄዳለን?» ከዚያ፣ «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ መስኮቱን ማየት ጀመረ። ከመስኮቱ ውጭ ጭጋግ ብቻ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩ፤ ስምንቱንም አሳምሬ።

ወደ ደብረ ብርሃን የሄድነው በጭነት መኪና ነው። ኤንትሬ ላይ፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ማሲንቆው እንዳይበርደው በበርኖስ ተጠቅልሎ። መኪናው ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ደምሴ የሞተሩን ድምፅ በአፉ እያስመሰለ ሾፌሩን እስኪያናድድ ያስቀን ነበር። እዚያ ስንደርስ ጥርሳችን በብርድ ይገጫል፤ አዳራሹ ከጠበቅነው በላይ ትልቅ ነው፣ መብራቱ ፊት ይፈጃል። ከእኛ በፊት የወጡት ጊታር ነበራቸው። ተስፋ ቆረጥን። ደምሴ ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ወጣ፤ ከበርኖሱ በታች ቀጫጭን እግሮቹ ሲታዩ ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀና፣ «ሳቃችሁን ስትጨርሱ ንገሩኝ፣ እኔ አልቸኩልም» አላቸው። ከዚያ ጀመረ። ስላዘፋፈኑ መጻፍ አልችልም። እኛ ከጀርባ ቆመን ስንቀበለው አንዷ ጓደኛችን ቃሉ ጠፍቷት አለቀሰች። አንደኛ ወጣ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው፣ አድራሻችንን ጠየቀኝና ከመዝገቡ ላይ ገለበጠ። «ይህ ልጅ እዚህ አይቀርም» አለኝ። ይህን ንግግር ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት።

በዚያው ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ነገር መጣ። ለእኛ አዲስ አልመሰለንም፤ ዘማች የሚሸኘው በእኛ ዘፈን ነበርና። የመኪናው ሞተር እየተነሳ ከፍ አድርገን እንዘፍናለን፣ እናቶች ሲያለቅሱ አኮርዲዮኑ ይበልጣል። ለእያንዳንዳችን አንድ ሻይና ሁለት ፓስቲ ይሰጠን ነበር። ኪነቶች አይነኩም፣ እናንተ የምትዘምቱት በዘፈን ነው ተብለናል፤ አመንን። አንድ የገበያ ቀን ግን በሞንታርቦ ስም መነበብ ጀመረ። ስሞቹን ስሰማ ቅደም ተከተሉን አወቅኩት። ከእኔ መዝገብ ነበር የሚነበበው። በኋላ እንደሰማሁት የሌሎቹ መዝገብ ወይ ተቀድዷል፣ ወይ አይነበብም፣ ወይ ዕድሜ የለውም። የእኔ ሁሉ ነገር የተሟላለት ነው። «ደምሴ፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት፣ ማሲንቆ ተጫዋች» አለ ሞንታርቦው።

እማማ ውድነሽ ሲሮጡ መጡ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሁላችንም ባለንበት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «አሥራ ስድስት ነው! ጓሳ በተከፈተ ዓመት፣ በኋለኛው! ይቺው አለች፣ ትናገር! ለእሷ ነግሬያታለሁ!» እያሉ እኔን ያሳያሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ወደ እኔ ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደከመው ሰው ነበር።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ስንት ተብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ጋሼ መኮንን ከበሩ ሥር ቆሟል። ፊቱ አመድ ሆኗል። ሐሰት ጻፍኩ ብል እሱም እኔም የምንጠየቅ መሰለኝ፤ በዚያን ጊዜ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አላብራራም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«አሥራ ስምንት» አልኩ።

እማማ ውድነሽ ቀና ብለው አዩኝ። አልተራገሙም፣ አልጮሁም። ረጅም ጊዜ አዩኝና ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ያ አስተያየታቸው ከእርግማን የከፋ ነው ብዬ ኖርኩ።

በሸኘነው ዕለት ዘፍነናል። ጠጉሩን ተላጭቶ መኪናው ላይ ቆሟል፤ ጆሮዎቹ ትልልቅ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። በእሱ ቦታ ማሲንቆ የያዘው ልጅ ምቱን አዘገየው። ደምሴ ከላይ ሆኖ በመዳፉ የመኪናውን እንጨት እየመታ አፈጠነለት። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ይመታ ነበር። እኔም ተቀበልኩ፣ አላቋረጥኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና ከፈትኩት። ደምሴ የተባለው ማሲንቆ ተጫዋች ለቅጥር ፈተና ይቅረብ ይላል። ጋሼ መኮንን አንብቦ፣ «አስቀምጪው» አለኝ። ለእናቱ አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቡድኑ ውስጥ ቆይቼ፣ ጉሮሮዬን ያመኛል ብዬ ወጣሁ።

ጊዜው ሄደ። ባል አገባሁ፣ ደብረ ብርሃን ገባን፣ ልጆች መጡ። እማማ ውድነሽን መርሐቤቴ ያገባች ልጃቸው ወስዳቸዋለች ሲባል ሰማሁ። ስለ ደምሴ አንዱ ሞቷል አለ፣ ሌላው በጠረፍ አየሁት አለ፤ ሌላው ደግሞ ሞቷል አለ። ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ ሰዎች ሲያልፉ በር ላይ ቆሜ ፊት ፊታቸውን አይ ነበር። አንዱንም ግን አልጠየቅኩም። ከዚያም የማሲንቆው ዘመን አለፈ፤ ሠርጉ ሁሉ ኦርጋን ሆነ። ዛሬ የሚዘፍኑትን ልጆች በልጄ ስልክ ሳያቸው፣ ማንም መጥቶ በሃያ ዓመታቸው ከመድረክ አያወርዳቸውም ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ብዬ ከማሰብ ዝም ማለት ይሻላል እላለሁ፤ ስለ ማንም ነገ ማን ያውቃል? ባሌ ሲሞት ወደ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። ከመርሐቤቴ የመጣ ሰው ገበያ ላይ ሳገኝ እህል ዋጋ እጠይቀዋለሁ፣ ሌላ አልጠይቀውም።

እንግዲህ እሱ በግራዬ ተቀምጧል። ነርሷ ራቅ እስክትል ጠበቅኩ።

«እርስዎ ከየት ነው የመጡት?» አልኩት።

«ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ። እዚያ ወረፋው ሞላ ብለውኝ የእህቴ ልጅ ወዲህ አመጣኝ። ትውልዴስ እዚሁ ነው፣ ከጓሳ ሥር። እርስዎስ?»

«እዚሁ ነኝ። ማሲንቆ ይጫወቱ ነበር።»

 በርኖሱ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ወደ እኔ እየዞረ ነው። ሁለታችንም ፋሻ በፋሻ ነን፣ ምን ሊያይ ነው?

«ማን ብዬ ልጥራዎት?»

«አስካለ ነኝ።»

«እትዬ አስካለ!» ጮኸ። ነርሷ ከወዲያ፣ «አባባ፣ አይንቀሳቀሱ!» አለች። «እትዬ አስካለ? ጸሐፊዋ? እኔ'ኮ ሞታለች ብዬ...»

«እኔም አንተን።»

«እና ማንኛችን ነን የሞትነው?»

ሳቀ። አሳሳቁ አላረጀም። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ካሁን ካሁን አነሳዋለሁ ያልኩትን ነገር ሳልናገር ብውል ሁለተኛ እንደማልናገረው አወቅኩት። «ደምሴ፣ ስማኝ» አልኩት። «እናትህ አሥራ ስድስት ብለውኝ ነበር። አሥራ ስምንት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈት ቤትም ስጠየቅ አሥራ ስምንት ብያለሁ። የሄድከው በእኔ ነው። ደግሞ ከሄድክ በሦስተኛ ሳምንትህ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጥቶልህ ነበር። ለሥራ ነበር። እሱንም ደብቄያለሁ።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።  አንዲት ሴት ከወንበሩ ጫፍ ውሃ ለመነች፣ አመጡላት፣ ጠጣች።

«ደብዳቤውን አላውቅም ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አይ... ደብዳቤ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«አሥር ዓመት ያህል ሬድዮ አልከፍትም ነበር፣ እትዬ አስካለ። ሌላው ሲዘፍን መስማት አልችልም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።» በርኖሱን ሰብሰብ አደረገ። «በውድድሩ ሁለተኛ የወጣውን ልጅ ታስታውሺዋለሽ? ባለ ጊታሩን?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«እሱን ወሰዱት። አዲስ አበባ ገባ፣ ተቀጠረ። በዓመቱ እኛ ያለንበት ግንባር ሊያዘፍኑት አመጡት። ተቃቅፈን አደርን። እኔም እዚያ በዘይት ቆርቆሮ ማሲንቆ ሠርቼ ለጓዶቼ እዘፍን ነበርና አብረን ተጫወትን። ሲመለሱ መኪናቸው ፈንጂ ረገጠ።» ተነፈሰ። «ደብዳቤው ቀድሞ ቢደርሰኝ እዚያ መኪና ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ወይም አይደለሁም፤ ማን ያውቃል? ግን የከተማውም መንገድ እዚያው ግንባር ነበር የሚያደርሰው፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዕድሜህስ?» አልኩ። «እሱስ?»

ይህን ጊዜ ትከሻው ከትከሻዬ ጋር ሲነካካ ተሰማኝ፤ እየሳቀ ኖሯል። ሳቁን እንደያዘ፣

«እናቴ ከማረፏ በፊት አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣኝ፣ 'አንድ ኃጢአት አለብኝ' አለችኝ። ምንድን ነው ብላት፣ 'አንተን የወለድኩህ በፊተኛው መከፈት ነው' አትለኝም!»

«በፊተኛው? ሳላገባ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አግብታለች እንጂ! ወልዳለችም! አንቺ ገበያ ላይ ስትጠይቂያት መዝገብ ስትዪ ነው የደነገጠችው። ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር፤ ልጆች ለውትድርና ሊሰበሰቡ ነው ብላት ነበር የመንደሩ ሊቀ መንበር ሚስት። እና አንዱን መከፈት ዘለለችው። አራት ዓመት ቀነሰችልኝ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፣ እትዬ አስካለ።»

«ሃያ?»

«ሃያ! አንቺ ጨመርኩ ትያለሽ፤ ሁለት ዓመት ቀንሰሽልኛል። 'ያቺ ልጅ ልትዋሽ ብላ ወደ እውነቱ ቀረበች፣ እንዳልናገርባት አደረገችኝ' ትል ነበር እናቴ። ጽሕፈት ቤት ዓይንሽን ስታይ፣ 'አውቃብኛለች' ብላ ነው ዝም ያለችው።»

እማማ ውድነሽ ያን ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ለዚያ ነበር። እኔ የዋሸሁ መስሎኝ ስፈራቸው፣ እሳቸው የዋሹ መሆናቸውን አውቀው ይፈሩኝ ኖሯል። ሁለታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ልጅ ዕድሜ ተፋጠን፣ ሁለታችንም እውነቱን አላልንም።

ሳቅኩ። ብዙ አልስቅም፣ ያ ቀን ግን አልቻልኩም። ነርሷ ሮጣ መጣች። «እማማ! ዓይንዎ! መሳቅ ክልክል ነው ብያለሁ አይደል?»

«እሷን ተያት» አላት ደምሴ፣ «አርባ ምናምን ዓመት ያጠራቀመችው ነው።»

«እና ለምን በመንግሥት ስልሳ አንድ፣ በእናቴ ሃምሳ ዘጠኝ አልክ?» አልኩት ሳቄ ሲበርድልኝ። «ስልሳ ሦስት ነህ እኮ።»

«ስልሳ ሦስት ማን ይፈልጋል? ከሁለቱ ውሸት ትምረጥ ብዬ ነው እንጂ።»

ከዚያ ኑሮውን ነገረኝ። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ወርዶ እህቱ ዘንድ ዓለም ከተማ ገባ። ልብስ ስፌት ሠራዊት ውስጥ ተምሮ ነበርና ገበያ ዳር የስፌት መኪና ተከለ። ሠርግ ላይም ኦርጋን እስኪመጣ ድረስ ተጫወተ። «አንድ ሠርግ ላይ ዘፍኜ ሙሽራዋን ራሴ ልወስዳት ምንም አልቀረኝም ነበር» አለ። «ታናሽ እህቷን ወሰድኩ። እናቴ ማንም አይድርለትም ትል አልነበር?» አምስት ልጆች አሉት፣ አንዱ ራሱ ኦርጋን ይመታል። «እኔ ጥግ ተቀምጬ ሥጋዬን እበላለሁ፣ ምት ሲያበላሽ ብቻ ጠረጴዛ እመታለታለሁ።» ዘፋኝ ብሆን ኖሮ ሲል አንድም ጊዜ አልሰማሁትም። ምናልባት ለእኔ ሲል ይሆናል። ምናልባትም ቁጭቱን ጨርሶት ይሆናል።

የእህቱ ልጅ ሊወስደው ሲመጣ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል። ለምን?»

«ሞተሃል ብዬ በየዓመቱ ስምህን አስጠራ ነበር። የክርስትና ስምህን አላውቀውም፤ እናትህን እንዳልጠይቅ ደግሞ፣ ሞቷል ማለቴ ሊሆንብኝ ነው። ደምሴ ብዬ ብቻ ነው የሰጠሁት።»

«ከሙታን ጋር?»

«ከሙታን ጋር።»

«አይ እትዬ አስካለ!» አለ። «ለዚያ ነው ለካ በየክረምቱ ወገቤን የሚይዘኝ!» እየሳቀ እጄን ፈልጎ ያዘና ሳመው፤ የእህቱ ልጅ መርቶ ወሰደው። ፊቱን አላየሁትም። ስልክ ቁጥሩን ልጄ ስልኬ ላይ መዝግባልኛለች፤ በየእሑዱ ይደውልልኛል፣ ብዙ የምናወራው ነገር የለም፣ ስለ ዓይናችን እናወራለን።

ፋሻው ከተፈታልኝ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኳቸው። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው። አባ ሰምተው ሲጨርሱ ደብተራቸውን አወጡ። የሙታኑን ገጽ ገለጡ፣ ጣታቸውን እያስኬዱ ደምሴ የሚለው ላይ ቆሙ።

«ይሰረዝ?» አልኩ።

«ለምን ይሰረዛል?» አሉኝ። «ከዚህ አገር ሄዶ ያልተመለሰ ሌላ ደምሴ የለም? ስሙን የሚያስጠራለት የሌለው? ለእሱ ይሁን፤ ተዪው።»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን በሸኘነው መኪና ላይ ከነበሩት ውስጥ እኔ የማስታውሳቸው ሁለት ደምሴዎች ነበሩ።

ደብተሩን ገልብጠው የሕያዋኑን ገጽ ከፈቱና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አንቺው ጻፊው። የእኔን ጽሑፍ ዲያቆናቱ አይነበብልንም እያሉ ያስቸግሩኛል።»

መስመሩ ጠርቶ ይታየኝ ነበር። ወልደ ሚካኤል ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ገጽ ላይ ዕድሜ አይጠየቅም።